ዘንዶ የለበሰው አፎት

ኡስታ አወድ አውራ ጣታቸው እንደከዳቸው ያወቁት በሻይ ብርጭቆ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ባለቤታቸው ኒማት እጃቸውን ያዝ አድርጋ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ስትላቸው ቁልቁል ቢያዩ፣ ጣታቸው ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ውሃ የቋጠረ ቁስል ተቀምጧል። ትኩስ ብርጭቆ ይዘው ቆይተዋል፤ መቼ እንዳቃጠላቸው ግን አልተሰማቸውም። የሸንዲ ሆስፒታል ሐኪም ደማቸውን አስመርምሮ ስኳር ነው አላቸው። ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጡ፣ ተምር ይቀንሱ፣ ባዶ እግርዎን አይሂዱ አላቸው።

«ጣቴስ? መቼ ይመለሳል?» አሉ ኡስታ አወድ።

ሐኪሙ የሚጽፈውን ሳያቋርጥ «እንዳይብስበት ነው የምንጥረው» አለ።

ይህን ከኒማት በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ኡስታ አወድ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በሸንዲ ገበያ የክንድ ቢላዋ አፎት ሲሰፉ ኖረዋል፤ «ኡስታ» መባላቸውም በዚሁ የእጅ ሙያ ነው፤ ከዳመር በባቡር መጥቶ የሚያሠራ ነበር። ዓይናቸው ቅርቡን ማየት ካቃተው ቆይቷል፤ ለዚያ ግን እምብዛም አልተጨነቁም። የተጫጫረው መነጽራቸው ወስፌውንና ክሩን ያሳያቸዋል፤ የቀረውን አውራ ጣታቸው ይሠራው ነበር።

ቅዳሜ ዕለት የወዳጃቸው ልጅ ሙዘሚል በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ መጣ። ከጋዜጣው ውስጥ የአባቱን ቢላዋና አንድ ቁራጭ የዘንዶ ቆዳ አወጣ። አባቱ ሐሚድ ከኮስቲ ጁባ በሚመላለሰው መርከብ ላይ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

«ሐሙስ ነው ሠርጌ፣ አጎቴ» አለ ሙዘሚል። «ቆዳው ትልቅ ነበር፤ ሣጥኑ ውስጥ ብል በላው። የተረፈው ይቺ ብቻ ናት።»

«አባትህ ይሄን ዘንዶ በገዛ እጄ ገደልኩት እያለ ስንት ጊዜ ነግሮናል መሰለህ» አሉ ኡስታ አወድ ቆዳውን እየዘረጉ። «በየዓመቱ አንድ ክንድ ይጨምርለት ነበር። ትንሽ ዕድሜ ቢያገኝ ኖሮ ከባቡሩ ያስበልጠው ነበር።»

«እናቴ ከማላካል ገበያ ነው የገዛው ትላለች።»

«ዝም በል፤ ሙት አይታማም። እናትህንም ይሄን ለሙሽራዋ ቤተ ዘመድ እንዳታወራ በላት።»

ሙዘሚል ሳቀ። ከዚያ ግን ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ሌላ ነገሩ የለኝም፤ ለቢላዋው አፎት ሆኖ ሐሙስ ዕለት አብሮኝ እንዲሆን ነው» አለ። ኡስታ አወድ «ማክሰኞ ከአሱር ሶላት በኋላ ና» አሉት። የክንዱን ውፍረት በክር ለክተው አሰናበቱት።

የዘንዶ ቆዳ እንደ ፍየል ቆዳ አይደለም። ቅርፊቱ እንደ ጣራ ቆርቆሮ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ከራስ ወደ ጅራት ይተኛል። ስለዚህ አፎት ሲለብስ የራሱ ወገን ወደ አፎቱ አፍ፣ የጅራቱ ወገን ወደ ጫፉ መሆን አለበት። ቢላዋው እጀታው ወደ ላይ ሆኖ ከግራ ክርን በላይ ታስሮ በጀለቢያ እጅጌ ውስጥ ነው የሚውለው። እጅጌውን ወደ ላይ የሚሰበስበው እጅ ነው፤ ሲወርድ ግን ብቻውን ነው የሚወርደው። ቅርፊቱ ወደ ታች ከተኛ ጨርቁ ተንሸራቶበት ያልፋል። ከተገለበጠ ግን ይይዘዋል፤ እጅጌው እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀርና ቢላዋው ይጋለጣል። በሰው ድግስ ላይ ቢላዋውን አጋልጦ የሚቆም ደግሞ ጠብ የሚፈልግ ሰው ብቻ ነው።

ሙዘሚል ያመጣው ቁራጭ ከመካከል የተቆረጠ ነው፤ ራስም ጅራትም የለውም። ቅርፊቱ ለእሳቸው ዓይን ከየትኛውም ወገን ቢያዩት አንድ ይመስላል። ድሮ ቢሆን ኡስታ አወድ ቆዳውን ከጋዜጣው ሲያወጡ፣ ወሬያቸውን እንኳ ሳያቋርጡ፣ አውራ ጣታቸው ይነግራቸው ነበር። ቅዳሜ ዕለት ሙዘሚል እያያቸው ጣታቸውን ወዲያና ወዲህ አመላለሱት። የነኩት ነገር ቆዳ ይሁን ጋዜጣ አልለዩም።

እሑድ ቤታቸው ዋሉ። ለአፎቱ ውስጥ የሚሆነውን የበሬ ቆዳ ዘፍዝፈው፣ በቢላዋው ላይ ጠቅልለው፣ ከጀርባው ሰፍተው አደረቁት። ከዚያ ኒማት ጎረቤት ስትሄድ ጠብቀው የዘንዶውን ቆዳ አነሱና በታችኛው ከንፈራቸው ላይ ቀስ አድርገው ጎተቱት። በአንዱ በኩል ለስላሳ ነው፤ በሌላው በኩል ይቧጭራል። ደስ አላቸው። ከምድጃው ከሰል አንሥተው በቆዳው ውስጠኛ ፊት፣ በራሱ ወገን ላይ፣ አጭር መስመር አሰመሩ። በዕድሜያቸው በቆዳ ላይ ምልክት አድርገው አያውቁም፤ ምልክት ተማሪ ነው የሚያደርገው።

ሰኞ የገበያ ቀን ነበር። ሱቁ ፊት ግመል የሚጎትተው፣ ሽንኩርት የሚሸከመው፣ ሰላምታ የሚሰጠው ይተላለፋል። ኡስታ አወድ ቆዳውን ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፉት፤ ሲላላ በሰሌዳው ላይ ዘርግተው ውስጡን በመፋቂያው ማሳሳት ጀመሩ። በአፎት ላይ ሳይጨማደድ እንዲቀመጥ እንደ ወረቀት መሳሳት አለበት። እጃቸው ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ ዘመኑን ሁሉ እንዳደረገው ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ፋቀው። ጨርሰው ሙጫውን በላዩ ላይ ከቀቡ በኋላ ነው ከሰሉ ትዝ ያላቸው። የተፋቀው ብናኝ ጉልበታቸው ላይ ተከምሯል፤ ምልክቱም ከብናኙ ጋር ሄዷል።

ቆዳ ሙጫ ከነካው ጊዜ አይሰጥም። ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጡና ቆዳውን ወደ ከንፈራቸው አስጠጉ። እርጥብ ነው፤ ቅርፊቱ ልስልስ ብሎ ተኝቷል፤ ሙጫው ከንፈራቸው ላይ ተለጠፈ። በአንዱ በኩል ትንሽ የቧጨራቸው መሰላቸው። ያ ይሆናል አሉ። ግን አላመኑትም፤ ስላላመኑትም ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ።

ባቢከር ጫማ ሠሪ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ወስፌ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ አሁን አርባ ሊሞላው ነው፣ ዓይኑም የጭልፊት ነው። በጥርሱ ሚስማር ይዞ ነጋ ጠባ ያንኳኳል።

«ባቢከር፣ እስቲ ና» አሉት። ቆዳውን በአፎቱ ላይ ሊያለብሱ ባሉበት አኳኋን ይዘው አሳዩት። «እንዴት ነው?»

ባቢከር መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ። ቆይቶ አየ። ሚስማሮቹን ከአፉ አውጥቶ በመዳፉ ያዛቸው።

«ማሻአላህ ኡስታ» አለ። «አላህ እጅዎን ይባርከው።»

«ጥሩ ነው ትላለህ?»

«የእርስዎ ሥራ መቼ ይጠየቃል?»

ተመልሶ ተቀመጠ። መዶሻው ግን ቶሎ አልጀመረም። ኡስታ አወድ ይህን አስተዋሉ፤ ደንበኛ መጥቶበት ነው ብለው ተዉት። ቆዳውን ጠቅልለው አጠበቁት፤ ከጀርባው ሁለቱን ጠርዝ አገናኝተው በቀጭን ጅማት እስከ አሱር ሰፉት። ሲደርቅ ተኮማትሮ አፎቱን እንደ ገዛ ቆዳው ያዘው።

ማክሰኞ ሙዘሚል መጣ፤ ለሠርጉ የተሰፋለትን ነጭ ጀለቢያ ለብሷል። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ሰጣቸው። ኡስታ አወድ አሰሩለት። ልኩ ነበር፤ ያምራልም። ሙዘሚል አንገቱን አጣሞ እያየ «አባቴ ቢያይ!» አለና እጅጌውን ለቀቀው።

እጅጌው አልወረደም። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ሙዘሚል ክንዱን አራገፈው፤ ጨርቁ ቅርፊቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናው ቀና አለ።

«ሙሽራው ገና ሳይሞሸር ጠብ አማረው» አለ። «ከማን ጋር ነው? ከአማትህ ጋር ከሆነ ዳኛ ልሁንላችሁ።»

ማንም አልሳቀም። ኡስታ አወድ እጅጌውን በእጃቸው ወደ ታች ሳቡት፤ ክር ሲበጠስ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ለቀቁት።

«አዲስ ጨርቅ ስለሆነ ይሆናል፣ አጎቴ» አለ ሙዘሚል ቀስ ብሎ።

«አይደለም» አሉ ኡስታ አወድ። «ፈትተህ ተውልኝ። ነገ በጠዋት ና።»

ሙዘሚል ሲሄድ ወደ ባቢከር አልዞሩም። የመጣው ባቢከር ራሱ ነው፤ መጥቶ ሰሌዳው ፊት ተቀመጠ።

«አይተኸው ነበር» አሉ።

«አይቼው ነበር፣ ኡስታ።»

«እርጥብ ሳለ።»

«እርጥብ ሳለ።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ? ጠየቅኩህ እኮ።»

«‹እንዴት ነው?› ነው ያሉኝ። ኡስታ አወድ ‹እንዴት ነው?› ሲሉኝ ምን ልበል? ተገልብጧል ልበልዎ? ጨርሰው ሳያለብሱት ራስዎ ያገኙታል አልኩ። ደግሞም ሊፈትኑኝ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ድሮ ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያደርጉኝ ነበር።»

ኡስታ አወድ ሊቆጡ ፈለጉ። ቁጣው ግን የሚያርፍበት አላገኘም። ባቢከር ያደረገው እሳቸው ያስተማሩትን ነው፤ ታላቅ ሰው እጁ ሥራ ላይ ሳለ አይታረምም ብለው በጥፊ ጭምር አስተምረውታል። አውራ ጣታቸውን ዘረጉለት።

«በወስፌው ውጋው» አሉ።

«ምን?»

«ውጋው ነው የምልህ።»

ባቢከር አልወጋውም። ጣቱን ይዞ ቁስሉ የነበረበትን ቦታ አየ፤ ከዚያ ፊታቸውን አየ። «ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ ጠየቀ። ነገሩት። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰማ፤ «ይሄን ብቻ ቢሉኝ ኖሮ» አለና አልጨረሰውም።

«ፍታው» አሉት ኡስታ አወድ። «በውሃ እናላላውና ገልብጠን እናልብሰው። ያንተ እጅ ይሥራው።»

ባቢከር ስፌቱን ከጀርባው አንድ በአንድ ፈታ። እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለውበት የአንድ ሶላት ያህል ጠበቁ። ከዚያ በስለት ጫፍ አንዱን ጠርዝ ቀስ ብሎ ማንሳት ጀመረ። ሙጫው የራሳቸው ነው፤ ከግራር ዛፍ ላይ ራሳቸው ለቅመው፣ ራሳቸው ያፈሉት። አለቀቀም። ባቢከር ትንሽ ጫን ሲል ሁለት ቅርፊት ከነሥራቸው ተነሥተው ስለቱ ላይ ተለጠፉ፤ ከሥራቸው ነጭ ቆዳ ታየ።

«ልቀጥል?» አለ።

ኡስታ አወድ መነጽራቸውን አወለቁ። «ከቀጠልክ ምን ይተርፋል?»

«ምንም አይተርፍም። ሌላ ቆዳ የለውም ልጁ?»

«የለውም።»

ባቢከር ጠርዙን መልሶ አጣበቀው። ሁለቱን ቅርፊቶች በምራቁ አርሶ ወደ ቦታቸው መለሳቸው። ስፌቱን ደግሞ እንደገና ሰፋው፤ ኡስታ አወድ ቁጭ ብለው ሲሰፋ አዩት። ከእሳቸው ይልቅ ያጠብቃል። አንድ ቀዳዳ ላይ እጃቸውን ሊዘረጉ ብለው ተዉት።

ረቡዕ በጠዋት ሙዘሚል መጣ። የሂና ቀኑ ነው፤ ጓደኞቹ ከገበያው ራስ ሆነው እየተጣሩ ያጣድፉታል።

«ተስተካከለ እንዴ፣ አጎቴ?»

ኡስታ አወድ አፋቸውን ከፈቱ። ያሰቡት ነበር፤ ሌሊቱን ቃል በቃል አሰልፈውት ነበር፤ ጣቴ ሞቷል፣ ቆዳህን ገልብጬ ሰፋሁት፣ አይመለስም የሚል ነበር። ባቢከር ቀደማቸው።

«ሲለብሱት ይለሰልሳል» አለ ሚስማሩን ከጥርሱ ሳያወጣ። «የዘንዶ ቆዳ መጀመሪያ እንዲህ ነው። ሳምንት ይበቃዋል።»

ሙዘሚል ወደ ኡስታ አወድ አየ። ኡስታ አወድ ዝም አሉ። ዝም ባሉበት ጊዜ ሁሉ እውነቱን የሚናገሩበት ጊዜ እያለፈ እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ አለፈ።

«አላህ ይስጥልኝ» አለ ሙዘሚል። አፎቱን ተቀብሎ በክንዱ አሰረ፤ እጃቸውን ስሞ፣ «ሐሙስ ከፊት እንዲቀመጡ ነው፣ እንዳይቀሩ» ብሏቸው ወጣ።

ኡስታ አወድ ሙዘሚል በሽንኩርት ጆንያዎቹ መካከል ሲሄድ በዓይናቸው ተከተሉት፤ ሩቁን ዛሬም አጥርተው ያያሉ። ልጁ አራት አምስት እርምጃ ሲሄድ ቀኝ እጁን ያሻግርና እጅጌውን ወደ ታች ይስባል። ትንሽ ይራመድና እንደገና ይስባል። ጓደኞቹ ጋ ደርሶ ከመሐላቸው እስኪገባ ድረስ ስድስት ጊዜ ሳበው።