የታናሿ ኮፍያዎች

ልብስ ሰፊዋ የሹራብ ቡድኑን የጀመረችው ብቸኝነት ሲያንገበግባት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የስፌት መኪናዋን ሸፍና፣ የሱቋን ጓዳ ጠርጋ ጎረቤቶቿን ጠራች። ጡረታ የወጣችው አስተማሪ መጣች፤ ባለ ታክሲዋ መጣች፤ ፀጉር ሠሪዋም ከነወሬዋ መጣች። የመርፌ አያያዙን እጃቸውን ይዛ አስተማረቻቸው። ግን ሁሉም የየራሱን ሲሠራ ቶሎ ይሰለቻል። የባለ ታክሲዋ ሻርፕ ክንድ ሳያክል ቀረ፤ አስተማሪዋም መቅረት አበዛች።

በዚህ መሀል ታናሽ እህቷ መጣች። የማዋለጃ ሆስፒታል ምግብ አብሳይ ናት፤ ተጫዋች፣ ሳቋ ቀድሟት በር የሚገባ።

"ለምን አንድ ነገር አብረን አንሠራም?" አለች ገና ከመቀመጧ። "እኛ ጋ ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት አሉ። ጭንቅላታቸው ብርቱካን አያክልም። ኮፍያ እንሥራላቸው።"

ጓዳው ነፍስ ዘራ። ባለ ታክሲዋ ተሳፋሪ እየጠበቀች መሪው ላይ ተደግፋ ትሠራለች። ፀጉር ሠሪዋ ደንበኞቿን እየጎተተች አመጣች፤ ወንበር አልበቃ ብሎ የጨርቅ ጥቅል ላይ የሚቀመጥ ሰው ታየ። ልብስ ሰፊዋ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አልተዋጠላትም። የሚገባው ሁሉ አንገቱን አስግጎ "እህትሽስ?" ይላል፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። የተበላሸው ሥራ ወደ እሷ ይመጣል፣ ሳቁ ወደ ታናሿ ይሄዳል። ልጅ ሆነውም እንዲሁ ነበር፤ እሷ ትሠራለች፣ እህቷ ትወደዳለች።

ይባስ ብሎ የታናሿ ሥራ አይረባም። አንዱ ጋ ይጠብቃል፣ አንዱ ጋ ይላላል።

አንድ ቅዳሜ ሰው ሳይመጣ ልብስ ሰፊዋ የኮፍያውን ካርቶን ከፈተችና የእህቷን ሥራ ለየች። "ይሄማ ለሰው አይሰጥም" ብላ ጫፉን ፈልጋ ሳበችው። ክሩ እየተርገበገበ ተፈታ። ሌላውን አነሳች። ቀጥሎ ግን እንከን የማይወጣለት ኮፍያ እጇ ገባ። ገልበጥ አድርጋ አየችው። እሱንም ተረተረችው።

ቀና ስትል ታናሿ በሩ ላይ ቆማለች።

"እሱ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?"

"ላልቶ ነዋ።"

"አልላላም፣ እትዬ። ተጨንቄ የሠራሁት ነው፤ አይተሽ 'ጎሽ' እንድትይኝ።"

ታናሿ መርፌዎቿን ሰብስባ ወጣች።

ለሌሎቹ ትንፍሽ አላለችም። "ፈረቃዬ ተቀይሮ ነው" ብላ ላከችባቸው። እነሱም መምጣታቸውን አልተዉም። የመሀሉ ወንበር የልብስ ሰፊዋ ሆነ፤ ጥያቄውም ወደ እሷ። የተመኘችውን አገኘች። ጨዋታው ግን ቀዘቀዘ። ፀጉር ሠሪዋ "እህትሽ ስትኖር..." ብላ ስትጀምር አስተማሪዋ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። እሱ ልብስ ሰፊዋን ከሁሉ ይበልጥ አንገበገባት።

ካርቶኑ ሲሞላ ራሷ ተሸክማ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። አንዲት ነርስ "እህትዎ እናቶቹ ጋ ናት" ብላ ኮሪደሩን አሳየቻት። ልጆቻቸው ማሞቂያ ውስጥ ያሉባቸው እናቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ሹራብ ይሠራሉ። ታናሿ መሀላቸው ሆና ታስቃቸዋለች።

የልብስ ሰፊዋ ደም ፈላ። እዚህም! ያውም እኔ ባስተማርኳት! ካርቶኑን አስቀምጣ ልትመለስ ስትል ዓይኗ በለቅሶ ያበጠ አንዲት ወጣት እናት ፈቀቅ አለችላት።

"የልጅ ልጅዎ ውስጥ ነው? ይቀመጡ፣ እናቴ። እጅ ሥራ ካልያዘ እዚህ አይዋልም።" መርፌ አቀበለቻት። "አይፍሩ፣ አሳይዎታለሁ። እኔም ሰሞኑን ነው የተማርኩት።"

አያያዟ የታናሿ ነው፤ አውራ ጣት የሚገተርበት፣ እህቷን ስንቴ "ተይ" ያለችበት። ልብስ ሰፊዋ አፏ ላይ የመጣውን ዋጠች።

"እንዲህ?" አለች።

"አይ ጎበዝ! እጅዎ ቶሎ ይለምዳል።"

ታናሿ ከወዲያ አየቻት። አልሳቀችም፣ አልተነሳችምም። ቆይታ ግን ክር ስታድል ለእህቷም አንድ ጥቅል ጭኗ ላይ ጣል አደረገችላት።

"ነገም አለን፤ ከምሳ በኋላ።"

"ቅዳሜስ ትመጫለሽ?"

"አስብበታለሁ።"

ቅናቱ የትም አልሄደም። እናቶቹ በታናሿ ቀልድ በሳቁ ቁጥር ጎኗን ወጋ ያደርጋታል። ቢሆንም በማግስቱ ሱቋን በጊዜ ዘግታ ሄደች፤ ወጣቷ እናት አጠገብ ተቀምጣ፣ ልጇ እንዴት እንዳደረ ጠየቀቻት።