ብቻውን የዘመተው የክብር ልብስ

የባለቤቴ የሻለቃ አጥናፍሰገድ የክብር ልብስ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከማስጫው ገመድ ወርዶ ብቻውን ወደ አደባባይ ሄደ። ሲወጣ የግቢውን በር መልሶ ዘጋው። ኒሻኖቹ ሲንቃጨሉ ሰምቻለሁ።

ያሰጣሁት እኔ ነኝ፤ እጄን በቆረጠው! አጥናፍሰገድ ልብሱን ሳጥን ውስጥ ከቆለፈበት ዓመት አልፎታል። «ለንጉሡ አቀናነው የምንለው የሰው አገር ነው፤ ያቃጠልነውም የሰው ቤት ነው። ሁለተኛ አልለብሰውም» ብሎ ነበር። እኔ ደግሞ ጎረቤት «ፈርቶ ነው» እንዳይለን ብዬ፣ ሰው እንዲያየው ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ይሉኝታ ነው ጉድ የሠራኝ።

ልብሱ አደባባዩ መሀል መድረክ ላይ ወጥቶ ቆመ። ራስ የለው፣ እጅ የለው። ሕዝቡ ግን «ሻለቃችን!» እያለ እልልታውን አቀለጠው። ወጣቶቹ ለአዲሱ ዘመቻ ሊመዘገቡ ተሰለፉ። ሦስተኛው የእኛው ወንድይራድ ነበር፤ ያለን ልጅ እሱ ብቻ ነው።

አጥናፍሰገድ ጋቢውን እንደለበሰ ሮጦ ደረሰ።

«ባዶ ልብስ እኮ ነው! ሻለቃው እኔ ነኝ!»

መዝጋቢው ቀና ብሎ አየው። «አባባ፣ ሻለቃው መድረክ ላይ ናቸው። እርስዎ ጥላ ፈልገው አረፍ ይበሉ።»

ባሌ የልጁን ክንድ ያዘ። «ወንዴ፣ በሞቴ፣ ቤት እንግባ።»

«አባዬ፣ በፉከራህ አሳድገኸኝ ዛሬ አትዝመት ትለኛለህ?»

ልጁ ስሙን አስመዘገበና በዚያው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ባሌ የጦር ሰፈሩ በር ላይ እየቆመ፣ ለሚገባውም ለሚወጣውም «ልጄን መልሱልኝ፣ የእናንተንም አትስጡ» ሲል ከረመ። የሚሰማው አልነበረም። ዘበኞቹ ግን ሻይ ይሰጡት ነበር።

በአምስተኛው ወር፣ እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ የእድር ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራችን ላይ ቆሙ። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያጣዋል? ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ «ልጄን!» ብዬ መሬት ላይ ወደቅሁ።

ከኋላቸው አንድ አዲስ ካኪ ቆሟል። ከአንገትጌው በላይ ምንም የለም።

አጥናፍሰገድ በባዶ እግሩ ወጣ። ክፍቱን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈለት።

«ይበርድሃል» አለው።

ባዶው እጅጌ ቀስ ብሎ ተነሣና ለአባቱ የወታደር ሰላምታ ሰጠ።