በጥቁር መደብ ላይ

ደሳለን በሥራው ውስጥ ከሚያሰለቸው ነገር ሁሉ የበለጠ ያሰለቸው «ሊንኩን ስለጥፈው ፎቶው አያምርም» የሚለው አቤቱታ ነበር። ላሊበላ ላይ፣ ከቅዳሜ ገበያው ከፍ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል ቤት፣ ሁለት ኮምፒውተርና ወረቀት የሚበላ ፕሪንተር ይዞ ከተቀመጠ ስድስት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ አስጎብኚ ነበር። ጉልበቱ ዳገቱን እምቢ ሲለው ወልድያ ወርዶ ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ተማረና ለአስጎብኚዎችና ለእንግዳ ማረፊያዎች ድረ ገጽ መሥራት ጀመረ። አንዱ ሲያሠራ ሌላው ቀና፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ኮምፒውተር ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አይቶ የማያውቀው ሁሉ ድረ ገጽ አለኝ ለማለት በሩ ላይ ተሰለፈ። ሁሉም በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ሁሉም ያንኑ አቤቱታ ይዞ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው የአንድን ገጽ አድራሻ ፌስቡክ ላይ ሲለጥፍ፣ ከአድራሻው ጋር አንድ ፎቶ፣ አንድ ርዕስና ሁለት መስመር ጽሑፍ አብሮ ይወጣል። የትኛው ፎቶ፣ የትኛው ርዕስ እንደሚወጣ ገጹን የሠራው ሰው ለአንባቢ በማይታይ ቦታ ጽፎ ካላስቀመጠ፣ ፌስቡክ ያገኘውን አንስቶ ይሄዳል። ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል የተባለው ለዚህም ይሠራል፤ ሰው ገጹን ሳይከፍት በዚያች ፎቶ ፈርዶ ያልፋልና። ሞላ የሚባለው የማረፊያ ቤት ባለቤት በዚህ ጉድ ሆኗል። በአዲሱ መታጠቢያ ቤቱ ስለሚኮራ ፎቶው ይግባልኝ ብሎ ነበር። ገጹን ለጀርመን ደንበኞቹ ሲያጋራው፣ ከቤቱ ስም በላይ ጉልህ ብሎ የወጣው የሽንት ቤቱ መቀመጫ ሆነ። ሞላ አንድ ወር ሙሉ ሰላምታ ከለከለው። ከዚያ ወዲህ ደሳለ በሠራቸው ገጾች ሁሉ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ ቤተ ጊዮርጊስ እንዲወጣ አድርጎ ተገላገለ። ቤተ ክርስቲያን ማንንም አያስኮርፍም አለ።

በሁለት ሺህ ስምንት፣ ጥምቀት አልፎ እንግዳው ሲበተን፣ ወይዘሮ ወለተ ሐና ከገነተ ማርያም በእግራቸው መጡ። ስድሳ ያለፋቸው፣ ባላቸው አቶ ታፈረ ከሞቱ የቆዩ ሴት ናቸው። አንድ ልጅ አላቸው፤ አዳም። ከአራት ዓመት በፊት በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ። ሁለት ጊዜ ደወለ፣ ሁለቱንም ጊዜ ለፋሲካ እመጣለሁ አለ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ይሙት ይኑር የሚያውቅ የለም። የፍላቂት ሰው ቤይሩት የጠፋች እኅቱን በፌስቡክ አገኘ ሲባል ሰምተው ነው የመጡት። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ያወጡት የልጁ ፎቶ ስምንተኛ ክፍል ሳለ ለመታወቂያ የተነሳው፣ ጥጉ ላይ ማኅተም የወጣበት ጉርድ ፎቶ ነበር። ሌላ የላቸውም።

ደሳለ እውነቱን ለመናገር ደስ አላለውም። የጠፋ ሰው ገጽ መሥራት ማለት በየቅዳሜው «ምን ተገኘ?» ለምትል እናት መልስ መፈለግ ማለት ነው። ግን ሴትዮዋ በር ላይ ቆመው አልቀመጥም ሲሉት፣ እምቢ የሚልበት አፍ አጣ። ከራሱ ድረ ገጽ ላይ አንድ ገጽ ከፍሎ የልጁን ፎቶ፣ ስሙን፣ የወጣበትን ዘመን ጽፎ አድራሻውን ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። በበነጋው ሲያየው ከሦስት መቶ በላይ ሰው አጋርቶታል። ልቡ ሞቀ። ከሥሩ የተጻፈውን ሲያነብ ግን፣ አሜን ይላል። አሜን፣ አሜን፣ አሜን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ይጠብቀን፣ አሜን። የወጣው ፎቶ ያ ማንንም አያስኮርፍም ያለው ቤተ ጊዮርጊስ ነው። የአገራችን ሰው የቤተ ክርስቲያን ፎቶ ካየ አሜን ብሎ አጋርቶ ያልፋል እንጂ ውስጡ ምን አለ ብሎ አይከፍትም። ገጹን የከፈተው አሥራ አንድ ሰው ነው፤ ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ራሱ ደሳለ ነበር።

ቅዳሜ ሴትዮዋ ሲመጡ ይህን እንዴት እንደሚያስረዳቸው ጨነቀው። እሳቸው ግን ሦስት መቶ ሰው አሜን ማለቱን ሲሰሙ አማተቡ። ይህ ሁሉ ሕዝብ ለልጄ ጸለየለት ብለው ቀኑን በደስታ ዋሉ። ደሳለ አንድም ሰው የአዳምን ስም አለማንበቡን ሳይነግራቸው ሸኛቸው።

ከዚያ ለማረም ተቀመጠ። የአዳምን ጉርድ ፎቶ ቢያስቀምጠው ፌስቡክ ትንሽ ነው ብሎ ዘለለው። ቢያሳድገው ፊቱ ገንፎ ሆነ። ደግሞስ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ፎቶ አይቶ የሃያ አምስት ዓመቱን ጎልማሳ ማን ይለየዋል? ሲያስብ ሲያስብ አንድ ነገር መጣለት። ሰው ልጁን ባያውቀው፣ ልጁ እናቱን ያውቃል። ሴትዮዋን በሩ ላይ አቁሞ በስልኩ ያነሳቸው ፎቶ ነበረው፤ እሱን አደረገ። ፎቶው ቁመተ ረጅም፣ ፌስቡክ የሚፈልገው ደግሞ ወርደ ሰፊ ሆነና ግንባራቸውን ቆረጠው። ስለዚህ ሰፋ ያለ መደብ፣ ማለት ከፎቶው ኋላ የሚሆን ባዶ ቀለም፣ ሠርቶ ፎቶውን መካከል ላይ አኖረው። መደቡን ነጭ ቢያደርገው ነጠላቸው ከነጩ ጋር ተዋሐደና ፊታቸው ብቻውን የተንሳፈፈ መሰለ። ጥቁር ሲያደርገው ቁልጭ ብለው ወጡ። ርዕሱን «ወይዘሮ ወለተ ሐና ከገነተ ማርያም፣ ልጃቸውን አዳም ታፈረን ይፈልጋሉ» አለው። በሥራው ረካ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሊንክ ሲያስብ አልደከመውም። ማክሰኞ ለጠፈው፤ ማታውኑ ኔትወርክ ጠፋ።

ኔትወርኩ ዓርብ ተመለሰ። ደሳለ ሲከፍተው ከሺህ በላይ ሰው አጋርቶታል። ከሥሩ ያለው ግን አንድ ዓይነት ነው። ነፍስ ይማር። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥልን። ስልኩን አውጥቶ ሰው እንደሚያየው አድርጎ አየው። ርዕሱ በስልክ ላይ አይበቃምና «ወይዘሮ ወለተ ሐና ከገነተ ማርያም…» ላይ ተቆርጧል። ከላይ በጥቁር መደብ ላይ ነጠላ የለበሱ አሮጊት ቆመዋል። ይህን አይቶ ሞተዋል የማይል ሐበሻ የት ይገኛል? ደሳለ ራሱ ቢያየው ነፍስ ይማር ብሎ ያልፍ ነበር።

በገዛ እጁ ቋሚ ሰው ገድሎ ለሺህ ሰው መርዶ አርድቷል። ነገሩ ገነተ ማርያም ደርሶ ዘመድ እያለቀሰ ደጃቸው ላይ ቢሰበሰብስ? በጥድፊያ መደቡን ወደ አፈር ቀለም ለወጠ፤ «ልጃቸውን ይፈልጋሉ» የሚለውን ከስማቸው አስቀደመ። ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። ፌስቡክ አንዴ ያየውን ፎቶ ይዞ ይቀመጣል እንጂ ተመልሶ አይመለከትም። ተመልሶ እንዲመለከት የሚያደርግ ሌላ ገጽ አለ፤ እዚያ ገብቶ አድራሻውን መስጠትና አንድ ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። ያ ገጽ እስኪከፈት አገጩን ይዞ ሲጠብቅ፣ መልእክት መጣለት።

መልእክቱ እንዲህ ይላል። «ወንድሜ፣ አዳም ነኝ፣ የወለተ ሐና ልጅ። ካርቱም ነው ያለሁት። ፎቶዋን አየሁት። መቼ አረፈች? አፈር ሳላለብሳት ቀረሁ። ባዶ እጄን አልሄድም እያልኩ ነው የቀረሁት። ለአርባዋ እደርሳለሁ፣ ብቻ ቀኑን ንገረኝ።»

ደሳለ ሦስት ጊዜ አነበበው። ልጁ አለ። ያ ሁሉ በስንት ልፋት ያማረ ሥራ ሳያመጣው፣ ስሕተቱ አመጣው። «እናትህ ደኅና ናቸው» ብሎ መጻፍ ጀመረና ተወው። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ፎቶ ሲያስተካክል አንድም ቀን የሰው ደስታ በዓይኑ አላየም። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ሴትዮዋ ይመጣሉ፤ በራሳቸው ድምፅ «አለሁ» ይበሉት፤ እኔም ልየው አለ። «ነገ ከረፋዱ አራት ሰዓት በዚህ ስልክ ደውል» ብሎ ብቻ ጻፈለት። ሰውን አንድ ሌሊት በከንቱ ማስለቀስ ግፍ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ እያወቀ አደረገው። ቁልፉንም ሳይጫን መብራት ጠፋበት፤ ዘግቶ ወጣ።

ቅዳሜ ወይዘሮ ወለተ ሐና ከሦስት ሰዓት በፊት ደረሱ። ደሳለ አስቀመጣቸውና ልጃቸው በሕይወት እንዳለ ነገራቸው። አልጮሁም። መሬቱን በመዳፋቸው ነክተው ሳሙት፤ ከዚያ እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። ልጄ ምን አለ ብለው ጠየቁ። ደሳለ አፍሮ የሆነውን ሁሉ ተናገረ፤ ስለ ጥቁሩ መደብ፣ «ነፍስ ይማር» ስለሚለው ሁሉ፣ ልጁ እሳቸውን ሞተዋል ብሎ ማመኑን። መልእክቱን አነበበላቸው። «ለአርባዋ እደርሳለሁ» የሚለውን ሲሰሙ ድገምልኝ አሉት። ደገመላቸው። ሦስተኛም አስደገሙት።

አሁን ሊደውል ነው፣ ያነጋግሩታል፣ ደኅና ነኝ ይሉታል አላቸው ደሳለ። ሴትዮዋ ወደ ኮምፒውተሩ በአገጫቸው አመለከቱ።

«ያ ጥቁሩ፣ አሁንም እንዳለ ነው?»

«አለ፤ አስተካክዬዋለሁ፣ አንድ ቁልፍ ነው የቀረኝ። አሁኑኑ እጫነዋለሁ እማማ።»

«አትጫነው» አሉ። «አለች ብለህም አትንገረው።»

ደሳለ ወደ ቁልፉ የላከውን እጅ መለሰ።

«ልጄን እኔ አውቀዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐና። «ደኅና መሆኔን ካወቀ፣ ‹እሰይ እናቴ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ› ይልና ይዘጋዋል። ሁለት ጊዜ እንዲህ ብሎኛል። ያለች እናት ቀጠሮ ትችላለች። የሞተች ግን አርባዋ አርባ ነው፤ ለሌላ ፋሲካ አይተላለፍም።»

«ኃጢአት ነው እማማ። አንድ ሌሊት አስለቅሼው እንኳ እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«ለነፍስ አባቴ እኔ እናገራለሁ፤ ንስሐውን እኔው እሸከማለሁ። አንተ አንዴ ገድለኸኛል፤ ትንሽ ቀን አቆየኝ ነው ያልኩህ።»

«መጥቶ በሕይወት ሲያገኝዎትስ? ቢቀየምዎትስ?»

«ይቀየመኝ» አሉ። «ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ይቀየመኝ።»

ስልኩ ጮኸ። የሱዳን ቁጥር ነው። ሴትዮዋ ተነሥተው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ፤ ልስማው ብለው በእጃቸው ጠቆሙ። ደሳለ ድምፁን ወደ ውጪ አውጥቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ስልኩ ፊት፣ ወዴት መሸሽ እንዳለበት አላወቀም።

«ሄሎ» አለ ከወዲያ አንድ ጎርናና ድምፅ። «አዳም ነኝ፣ የወለተ ሐና ልጅ።»

ወይዘሮ ወለተ ሐና የነጠላቸውን ጫፍ ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ከተቱት። ዓይናቸው ስልኩ ላይ ተተክሎ ቀረ። አራት ዓመት የጠበቁት ድምፅ አንድ ክንድ ርቀት ላይ አለ፤ አቤት ማለት አይችሉም። ደሳለ «ሄሎ አዳም» አለ።

«ወንድሜ» አለ ልጁ። «ስትሞት ጠርታኝ ነበር?»

ደሳለ ሴትዮዋን አያቸው። ራሳቸውን ከላይ ወደ ታች ነቀነቁ።

«ጠርተውሃል» አለው። «አንድም ቀን ሳይጠሩህ አልዋሉም።»

ልጁ ማክሰኞ እነሳለሁ፣ ከሰው ተበድሬም ቢሆን እነሳለሁ አለና አርባዋ መቼ እንደሆነ ጠየቀ። ደሳለ ይህን አላሰበበትም ነበር። ሴትዮዋ ግን ሁለት እጃቸውን አንስተው አሥር ጣታቸውን ዘረጉ፤ አጥፈው አንዴ ደግመው ዘረጉ።

«የዛሬ ሃያ ቀን» አለ ደሳለ።

«እደርሳለሁ» አለ አዳም። «በእግሬም ቢሆን እደርሳለሁ።» መስመሩ ተቋረጠ።

ወይዘሮ ወለተ ሐና ነጠላውን ከአፋቸው አወጡ። ጫፉ ርሷል። ደሳለ የሚጮኹ፣ የሚያለቅሱ፣ የሚጸጸቱ መስሎት ጠበቀ።

«ድምፁ ወፍሯል» አሉ። «ጉንፋን ይዞታል መሰለኝ።»

ደሳለ ልቅሶ ነው ሊላቸው አልቻለም። እሺ አለና ቁልፉን ሳይጫን ገጹን እንዳለ ዘጋው።