ለባለጠጋውና ለቃራሚዋ አንድ ቃል

“እስቲ እዚያች ላይ ይድገሙልኝ፣ አባ” አለ አድማሴ። አራቱ በሬዎቹ አውድማው ላይ ይዞራሉ፤ እሱ ግን መንሹን ጥሎ ከእንግዳው አጠገብ ተቀምጧል።

አባ መለሰ ኢየሩሳሌም አሥራ አንድ ዓመት ቆይተው የተመለሱ መነኩሴ ናቸው። ከአጅባር ወደ መካነ ሰላም ሲያልፉ አድማሴ እህል ውሃ ይቅመሱ ብሎ አስቀራቸው። የያዙት መጽሐፈ ሩት በዕብራይስጥ የተጻፈ መሆኑን ሲሰማ ደግሞ የጥያቄ መዓት አወረደባቸው። በልጅነቱ ድቁና ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ነው፤ የቃል ነገር እስከ ዛሬ አያስችለውም።

“ሀብትን የሚጠሩበት ቃል አንድ ብቻ አይደለም” አሉ አባ። “‘ሚቅኔ’ ይላሉ፤ ከብት ማለት ነው። ቃሉ የወጣው ‘ገዛ፣ የራሱ አደረገ’ ከሚለው ነው።”

“እኛስ ጥሪት ስንል በጉንና ላሙን ማለታችን አይደል?”

“ነው እንጂ። ‘ካቮድ’ም ይላሉ። ክብደትም ነው፣ ክብርም ነው፣ ሀብትም ነው።”

“ከበርቴ እንደምንለው!” አድማሴ ጭኑን መታ። “ታዲያ ያ የእርሻው ጌታ፣ ቦዔዝ፣ ምን ተባለ?”

“‘ጊቦር ሐይል’። ‘ጊቦር’ ጀግና ነው፤ ‘ሐይል’ የኛው ኃይል ነው። ጉልበትም፣ ጦርም፣ ሀብትም ይሆናል።”

አድማሴ ፈገግ አለ። ዘመኑ ስድሳ ስድስት፣ ወሩ ጥር ነበር። ብዙ አገር እህል አጥቶ ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ የእሱ ስንዴ ደህና ይዞለታል። የቦዔዝን ስም ለራሱ ቢወስደው የሚበዛበት አልመሰለውም።

“ሩትም ‘ኤሼት ሐይል’፣ የሐይል ሴት፣ ተብላለች” አሉ አባ ገጹን ገልጠው። “ያው ቃል ነው።”

“ሩት? ያቺ ስደተኛ? ከሰው ማሳ ቃርሚያ የምትለቅመዋ?”

“እሷው።”

“ምን ነበራትና ነው?”

አባ ለመመለስ ሲዘጋጁ ከታችኛው ማሳ ጩኸት ተሰማ። የማሳው ጠባቂ ቸኮል አንዲት ከሲታ ሴት ክንዷን ይዞ ሽቅብ መጣ። በሌላው እጁ ትንሽ ስልቻ አንጠልጥሏል።

“አያ አድማሴ፣ ቃርሚያ ብቻ ልቀሚ ብለን ብንተዋት ከነዶው እየመዘዘች ስልቻ ሞልታለች! ከቀሚሷ ሥር ነው ያገኘሁት።”

ሴትዮዋ አላለቀሰችም። ዓይኗ ስልቻው ላይ ነው።

አድማሴ የስልቻውን አፍ ፈትቶ እጁን ከተተ። ያወጣውን እህል መዳፉ ላይ በተን አደረገና ቸኮልን ቀና ብሎ አየው።

“ይሄ እኮ ገብስ ነው። እኔ የዘራሁት ስንዴ። ልቀቃት።”

ቸኮል ክንዷን ለቀቀ።

“ስምሽ ማነው?”

“አልታየች፣ ጌታዬ። ከወረኢሉ ወዲያ ነው አገሬ።”

“ይሄን ይዘሽ ነው ከገለባ መሀል ፍሬ የምትለቅሚው?”

“የበልግ ዘር ነው።”

“ስትራቢስ?”

“ርቦኛል” አለች። “ብንበላው አራት ቀን ነው። ብንዘራው ግን ቤት አለን ማለት ነው። እዚያ ትቼው እንዳልመጣ፣ ልጆቹ ሲያለቅሱ አማቴ አንጀቷ አይችልም፤ ትፈጨዋለች። እኔም ሁለቴ አፉን ፈትቼ መልሼ አስሬዋለሁ።”

አድማሴ መዳፉ ላይ ያለውን ገብስ ተጠንቅቆ፣ አንዲት ፍሬ ሳያስቀር ወደ ስልቻው መለሰ። ግቢው ውስጥ ሦስት ጎተራ አለው። አንድ ቀን እንኳ የአንዱን አፍ ከራሱ እጅ ጠብቆ አያውቅም።

“በምን ታርሽዋለሽ?”

“በሬዎቻችን አልቀዋል። ባሌ በዶማ እንቆፍራለን ብሏል፤ ግን እሱም ጉልበት የለው።”

አድማሴ ወደ አባ መለሰ ዞረ። መነኩሴው ጣታቸውን በመጽሐፉ ገጽ መሀል እንደሰኩ ሴትዮዋን ያያሉ። እሱም ስለ ሩት የጠየቀውን አልደገመውም።

“ቸኮል፣ ሁለቱን ዳለቻ በሬዎች ከአውድማ አውጣ።”

“ውቂያው ሳያልቅ?”

“ዛሬ ይረፉ፣ ድርቆሽ ስጣቸው። ነገ ከእሷ ጋር ይሄዳሉ።”

“አያ አድማሴ! ሰው በተራበበት አገር በሬ? መንገድ ላይ አርደው ይበሏቸዋል!”

“ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው አንተ የምትነዳቸው። የእሷን ማሳ አርሰህ፣ ጎረቤት በሬ ያጣ ካለም አርሰህለት ትመለሳለህ።”

አልታየች ነዶው ላይ ተቀመጠች።

“አብሽሪ” አላት አድማሴ። “ለዛሬው እቤት ግቢና ቅመሽ። ለልጆቹም ስንቅ ይጫናል። ስልቻሽን ማንም አይነካውም።”

ቸኮል እያጉረመረመ ሁለቱን ዳለቾች ለይቶ አወጣ። አውድማው ላይ የቀሩት አንድ ጥንድ ብቻ ናቸው፤ ውቂያው ሳምንት ሊወስድ ነው። አድማሴ ጋቢውን አውልቆ አባ መለሰ አጠገብ አኖረና አለንጋውን አንስቶ ከበሬዎቹ ኋላ መዞር ጀመረ።