እማየ የሚደገፉበት እብነ በረድ

መጋረጃ ልሰቅል ብዬ ነው ጉዱ ሁሉ የመጣው። አማቴ ነገ ከሐጅ ይገባሉ፣ ቤቱ አምሮ ይጠብቃቸው ብዬ እብነ በረዷ ጠረጴዛ ላይ ወጣሁ። ቋ! አለች። ወርጄ ሳያት ለሁለት ተከፍላለች። ወየው ጉዴ!

ጠረጴዛዋ ትንሽ፣ ዝቅ ያለች ናት። እማየ ሸሪፋ ሲሰግዱ ከሱጁድ የሚነሱት እሷን ተደግፈው ነው። ጉልበታቸው ታማሚ ነው፣ የሰው እጅ ይዞ መነሳት ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ ይላሉ። ለሐጅ ሊሄዱ ሲሉ ጎረቤቱን እየዞሩ «አፉ በሉኝ» አሉ፤ እኔን ምራታቸውንም እያለቀሱ ይቅርታ ጠየቁኝ። ከዚያ ቁልፉን ሰጥተውኝ «ቤቱ አማና ነው፣ አደራ ሰዒዳ» ብለው ወጡ። እኔ ደግሞ አማናው ላይ ቆሜበት አረፍኩት።

ባሌ ሂሻም ሱፐር ግሉ ገዝቶ መጣ። «በአምስት ደቂቃ ይይዛል» አለ። እውነትም ያዘ። በመዳፌ ጫን ሳደርጋት ግን ቋ! «አንተ ደግሞ ሁሉ ነገርህ በአምስት ደቂቃ!» ብዬ ጮህኩበት። ስባሪውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከደሴ ሚኒባስ ተሳፈርኩና ኮምቦልቻ፣ እብነ በረድ ቆራጩ ጋሽ ጀማሉዲን ዘንድ ወረድኩ።

ስብራቱን በጣታቸው ዳሰሱት። «ማነው እንዲህ የለቃለቀው?»

«ባሌ።»

«አላህ ይቅር ይበለው። ምን ይቀመጥበታል?»

«ስኒ» አልኩ። ቶሎ የሚደርቀውን እንዲሰጡኝ ብዬ ነው።

አንድ ቆርቆሮ አነሱ። «እንግዲያ የእብነ በረድ ማስቲሽ ይበቃዋል። በሩብ ሰዓት ይደርቃል።»

ሊከፍቱት ሲሉ ቆርቆሮውን ያዝኩባቸው። «ጋሼ፣ ወላሂ ዋሽቼዎታለሁ። ትልቅ ሴት ሙሉ ክብደታቸውን ይጥሉበታል።»

ቆርቆሮውን መለሱት። ቆጣ ብለው አዩኝ። «ሊወድቁ ነበር እኮ! ለእንዲህ ያለው ኢፖክሲ የሚሉት ብርቱ ማጣበቂያ ነው። ግን አንድ ቀን ሙሉ አይነካም።»

«አውሮፕላናቸው ነገ በስምንት ሰዓት እዚሁ ኮምቦልቻ ያርፋል!»

«አሁን ገና አራት ሰዓት ነው። አብሽሪ።»

የሂሻምን ሙጫ በአሴቶንና በምላጭ አስለቀቁት። ድንጋዩ እስኪደርቅ ጠበቁና የኢፖክሲውን ሁለት ቱቦ እኩል ለውሰው፣ የእብነ በረድ ዱቄት ጨምረው አጋጠሙት። ከስር ደግሞ ስብራቱን አሻግረው ቀጭን ድንጋይ ለጠፉበት። ጠፍረው አሰሩትና «በይ ሂጂ፣ አትነካኪው» አሉኝ።

በማግስቱ ሂሻም እናቱን ሊቀበል አየር ማረፊያ ሲሄድ እኔ ጠረጴዛዋን ይዤ ቀድሜ ደሴ ገባሁ፤ መጋረጃውንም በጥድፊያ ሰቀልኩት።

እማየ እንደገቡ ውዱእ አድርገው የአስርን ሶላት ሊሰግዱ ቆሙ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ከሱጁድ ሊነሱ ሁለት እጃቸውን ስብራቱ ላይ አሳረፉ። ጫኑ። ተነሱ። ንቅንቅ አላለችም! አራቱንም ረከዓ ያዘች፣ አልሐምዱሊላህ! ሰግደው ሲጨርሱ ወለሉ ላይ ዘጭ ብዬ አለቀስኩ።

«ምነው ልጄ?»

ሁሉንም ዘረገፍኩት። የሂሻምን ሙጫ፣ ውሸቴን፣ አንድም ሳላስቀር። «አፉ በሉኝ እማየ» አልኩ።

«አፉ ብዬሻለሁ።» ቀና ብለው መስኮቱን አዩ። ከዚያ በአንድ እጃቸው ጠረጴዛዋን ተደግፈው ሌላውን ዘረጉልኝ። «ተነሽ በይ። መጋረጃው ተንጋዷል።»