የቀኙ ጥግ

በሩ ላይ "ጫማ እዚህ ይወልቃል" ሲሏቸው እማማ ወስፌ ገና ሳይገቡ ተኮሳተሩ።

"እግሬን ልታዩት ነው?"

"ወለሉ ንጹሕ እንዲሆን ነው እማማ" አለ አሰልጣኙ። ጺሙን ያሳመረ ወጣት ነው፤ የተኛ ሕፃን አጠገቡ ያለ ይመስል ሲናገር ያንሾካሹካል። እማማ ወስፌ ወዲያው ስም አወጡለት፤ ሹክሹክ። ስሙን ግን በሆዳቸው ያዙት። ዛሬ የመጡት አፋቸውን ሊዘጉ ነው።

ወስፌ የሚለውን ስም የሰፈሩ ሰው ያወጣላቸው በከንቱ አይደለም። አርባ ዓመት ፍራሽ ሰፍተዋል፤ ጥጡን ነድፈው፣ ሽፋኑን ቆርጠው፣ ሞልተው፣ በትልቁ መርፌ ወግተው። መርፌያቸው የሾለ ነው፤ ምላሳቸው ግን ይብሳል። ፊደል አልቆጠሩም። ነገር ግን አንድ ፍራሽ ላይ አንዴ ቁጭ ካሉ፣ ጥጡ ስንት ጊዜ እንደተነደፈና ሰሪው የት ላይ እንደሰነፈ ይነግሯችኋል። ባትጠይቋቸውም ይነግሯችኋል።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሙያውን ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። ልጅቷ ግራኝ ናት። ጥጥ ስትሞላ በግራ እጇ ስለምትገፋ የቀኙ ጥግ ሁልጊዜ ይጎድልባታል። ፍራሽ ደግሞ የሚጀመረው ከጥጉ ነው፤ አራቱም ጥግ በጡጫ ተጠቅጥቆ ሲያልቅ ነው ወደ ሆዱ የሚኬደው። የዛሬ ሦስት ዓመት አንዲት ሙሽራ እናቷን አስከትላ ፍራሿን ልትወስድ መጣች። እማማ ወስፌ የቀኙን ጥግ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት፤ ጣታቸው ሰመጠ። መቀስ አንስተው በሙሽራይቱ፣ በእናቷና በአላፊ አግዳሚው ፊት ስፌቱን ተረተሩት፤ ጥጡን እየጎተቱ ዘረገፉት።

"ይሄን ነው ሞላሁ የምትይኝ? እዚህ ውስጥ እኮ ድመት ትወልዳለች!"

ሙሽራይቱ ከት ብላ ሳቀች። ልጅቷ አልሳቀችም። መርፌዋን ከተሰካበት ነቅላ ወጣች፤ በዚያው ቀረች።

የራሷን ሱቅ ከፈተች፤ አገባች፤ ወለደች። እማማ ወስፌ አያት መሆናቸውን የሰሙት ከሰፈሩ ሳሙና ሻጭ ነው። አምስት ወር ሙሉ "እኔ ነኝ የምሄደው? እሷ ትምጣ እንጂ!" ሲሉ ከረሙ። በስድስተኛው ወር እግራቸው ራሱ ይዟቸው ሄደ። ልጅቷ በሩን ገርበብ አድርጋ ከፍታ፣ ከኋላው በእግሯ ደግፋ ቆመች። ከውስጥ ሕፃን ታለቅሳለች።

"ምን ፈልገሽ ነው?"

"የልጄን ልጅ ላይ ነዋ።"

"አይተሽ ምን ልትይ? አስተቃቀፍሽ ልክ አይደለም? መጠቅለያዋ ቀጭን ነው?"

እማማ ወስፌ በክፍተቱ አጮልቀው ነበር። መጠቅለያው እውነትም ቀጭን ነው።

"ቀጭን ነዋ" አሉ።

በሩ ሊዘጋ ሲል በክርናቸው ያዙት። ልጅቷ ረጅም ትንፋሽ አወጣች።

"ስሚኝ እማዬ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ዓይናችንን ጨፍነን ለሜዲቴሽን የምንቀመጥበት ቤት አለ። የምሄደው አንቺን ከሆዴ ላወጣ ነው፤ ይኸው ሁለት ዓመቴ፣ አልወጣሽም። ነይና አንድ ሰዓት አጠገቤ ተቀመጪ። ማንንም ሳትነቅፊ፣ የማንንም ሥራ ሳታርሚ። ከቻልሽ ከዚያው ወደዚህ ይዤሽ መጥቼ ልጅቷን ትታቀፊያለሽ። ካልቻልሽ ግን ሁለተኛ ይሄን በር እንዳታንኳኪ።"

"አንድ ሰዓት ዝም ማለት ማንን ያቅታል?"

"አንቺን" አለችና ዘጋችው።

እንግዲህ እማማ ወስፌ ጫማቸውን ያወለቁት ለዚህ ነው።

ክፍሉ ነጭ ነው፤ ወንበር የለው፣ ጠረጴዛ የለው። ወለሉ ላይ አሥራ ሁለት አራት ማዕዘን የመቀመጫ ትራሶች በክብ ተደርድረዋል። ጡረታ የወጣ ሾፌር ሆዱን ታቅፎ ተቀምጧል። አንዲት ፀጉር ሠሪ ገና ምንም ሳይጀመር ዓይኗን ጨፍናለች። ልጃቸው በመስኮቱ በኩል ናት፤ ሲገቡ አየቻቸው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። እማማ ወስፌ አጠገቧ ያለው ትራስ ላይ፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ አንድ እጃቸውን ወለሉ ላይ ተክለው ወረዱ። ማንም አልደገፋቸውም፤ የሚደግፋቸው ቢኖርም እጁን ይመቱት ነበር።

"ዓይናችንን እንጨፍን" አለ ሹክሹክ። "ትንፋሻችንን እንከታተል።"

'ትንፋሼ የት ሊሄድብኝ ነው?' አሉ በሆዳቸው።

"ሐሳብ ሲመጣ አንያዘው። ይለፍ።"

'ልጅህ በሯን ትዝጋብህና ያኔ አሳልፈው፤ አያለሁ።'

ሾፌሩ ማንኮራፋት ጀመረ። ያረጀ ሞተር ዳገት ሲያቅተው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ፀጉር ሠሪዋ በአፍንጫዋ ታፏጫለች። ሹክሹክ "ሰላም... ሰላም..." ይላል፤ ሰላሙን ማን ሰረቀውና ነው የሚጣራው? እማማ ወስፌ የመጣላቸውን ስድብ ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ጠቀጠቁት፤ ጥጥ እንደሚጠቀጠቅ፣ በጡጫ። ጥርሳቸውን ነከሱ። አንዲት የሕፃን ራስ፣ ያላዩት የሕፃን ራስ፣ ክንዳቸው ላይ እንደተኛ እያሰቡ ነከሱ።

ለእጃቸው ግን ማንም ሥራ አልሰጠውም። አርባ ዓመት ቦዝኖ የማያውቅ እጅ ነው። ከጭናቸው ላይ ወረደ፤ ትራሱን አገኘ፤ ስፌቱን በጥፍሩ ተከትሎ ሄደ። ስፌቱ ወደ ግራ ያጋደለ ነው። ጫፉ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሮ የታሰረ ቋጠሮ አለ፤ ቋጠሮውን የፈጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ወደ ግራ የምታስረው ግን በዓለም ላይ አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ትራሶቹን የሠራቻቸው ልጃቸው ናት!

ጣታቸው ወደ ቀኙ ጥግ ሄደ። ባዶ ነው። ዛሬም ባዶ!

'አንቺ ልጅ' አሉ በሆዳቸው፤ 'አንቺ ልጅ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ!' አፋቸውን ግን የባሰ ገጠሙት፤ ከንፈራቸው ነጭ እስኪሆን። ከዚያ በኋላ የሆነውን አያውቁትም። የትንፋሹንም፣ የሾፌሩንም ነገር ረሱት። ደረታቸው ቀለል አላቸው፤ ትከሻቸው ወረደ፤ ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ ሳያውቁ ደወሉ አቃጨለ።

ዓይናቸውን ሲገልጡ በኩራት አበጡ። አንድ ሰዓት! ቃል አልወጣቸውም!

ሹክሹክ በየተራ ምን እንደተሰማቸው ጠየቀ። ፀጉር ሠሪዋ ብርሃን አየሁ አለች። ሾፌሩ "እኔ እንኳ በጥልቀት ገብቼ ነበር" አለ፤ አገጩን እየጠረገ። 

"እርስዎስ እማማ?"

ሊሉ የሚችሉት ነገር አንድ ኩንታል ይሞላል። "ምንም" አሉ።

"ምንም ማለት እኮ ትልቅ ደረጃ ነው!" አለ ሹክሹክ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

እማማ ወስፌ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ሰማሽ? ትልቅ ደረጃ ነው። በይ ተነሽ፣ እንሂድ።"

ልጅቷ ግን የምታየው ፊታቸውን አይደለም። ትራሱን ነው። ጎንበስ ብላ ከሥራቸው ሳበችው። የቀኙ ጥግ ሞልቷል። ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከመሐሉ ያለው ጥጥ በሽፋኑ ላይ እየተቆነጠጠ፣ እየተገፋ፣ ጥቂት በጥቂት ወደ ጥጉ ተነድቷል፤ ፍራሽ ሰሪ ስፌት ሳይፈታ ሥራ እንደሚያስተካክለው።

"አፍሽን ዘጋሽው" አለች ልጅቷ። "እጅሽንስ?"

እማማ ወስፌ እጃቸውን አዩት። የሌላ ሰው እጅ መሰላቸው።

"አላወቅሁትም። እውነቴን ነው፤ አላወቅሁትም።"

"ተኝተሽም ታርሚኛለሽ ማለት ነው።"

"ጥጉ ባዶ ነበራ!" አመለጣቸው።

ልጅቷ ሌላ ትራስ ሳበች፤ ጥጉን በአውራ ጣቷ ጫነችው፤ ጣቷ ሰመጠ። ፊቷ ቀላ።

"ባዶ ነው" አለች። "ልክ ነሽ። መቼ ልክ ሳትሆኚ ቀርተሽ ታውቂያለሽ? እኔን የጨረሰኝ እኮ እሱ ነው!"

"እባካችሁ፣ ይሄ የሰላም..." ሲል ሹክሹክ፣

"አንተ ዝም በል!" አሉት እናትና ልጅ እኩል፣ በአንድ ድምፅ። ሾፌሩ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ልጅቷ እናቷ ያረሙትን ትራስ በብብቷ ይዛ ወጣች። ከበሩ ላይ ሳትዞር "ቃል ቃል ነው፤ እንዳታንኳኪ" አለች።

ያን ሳምንት እማማ ወስፌ ፍራሽ አልነኩም። ግድግዳ ተደግፈው፣ እጃቸው ላይ ቁጭ እያሉ ሰነበቱ። ጎረቤት "ታመሙ?" ስትላቸው "አንቺ ጤነኛ ሆነሽ ምን ሠራሽ?" ብለው መለሷት። ልጃቸውን ሲረግሙ ይውሉና፣ ማታ ያቺን ጣት ያስታውሳሉ፤ በገዛ ሥራዋ ውስጥ የሰመጠችውን ጣት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ሙሽራይቱ የሳቀችው ሳቅ በጆሯቸው ይመጣል። ያኔ አልሰሙትም ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳይጠሩ ሄዱ። ማንም ሳይነግራቸው ጫማቸውን አወለቁ። የተዘረጋላቸውን ትራስ በእግራቸው ገፍተው ባዶው ወለል ላይ ተቀመጡ።

"እማማ፣ ይበርድዎታል" አለ ሹክሹክ።

"ወለል የሚታረም ነገር የለውም" አሉት።

ልጅቷ ስትገባ አየቻቸው። በሩ ላይ ቆመች፤ የምትመለስም መስላ ነበር። ከዚያ ያንኑ ትራስ ከከረጢቷ አውጥታ እግራቸው ሥር ጣለችው።

"ተቀመጪበት። ኋላ ወገቤን አሳመመችኝ ብለሽ ልታወሪብኝ ነው።"

እማማ ወስፌ ተቀመጡበት። የቀኙ ጥግ ተፈትቶ እንደ አዲስ ተሞልቷል። ተሞልቷል ብቻ ሳይሆን በንዴት ተጠቅጥቋል፤ ስፌቱ ተወጥሮ ሊፈነዳ ደርሷል። ድንጋይ ነው። አንድ ጎናቸውን አንስቶ ወደ ግራ አጋደላቸው፤ እንደተዛባ ጭነት።

ደወሉ ተመታ። እጃቸውን ሁሉም እንዲያየው መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ጭናቸው ደነዘዘ፤ ዳሌያቸው ጮኸ። ልጅቷ ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ሰዓቱን በሙሉ እጃቸውን ስታይ ቆየች። እሳቸውም ያውቃሉ።

ደወሉ እንደገና ሲመታ ልጅቷ ጠጋ አለች።

"እህ?"

"ምን እህ?"

"ጥጉስ?"

በሰባ ዓመት ዕድሜያቸው ስለ ሥራ ዋሽተው አያውቁም።

"የቱ ጥግ?" አሉ።

ልጅቷ ልትስቅም ልትሳደብም የምትችል ትመስል ነበር፤ አንዱንም አላደረገችውም። ከረጢቷን ትከሻዋ ላይ ጣለች።

"ጫማሽን አድርጊ። ሕፃኗ የምትነቃበት ሰዓት ደርሷል። መጠቅለያዋ ዛሬም ያው ቀጭኑ ነው፤ ከአሁኑ ነግሬሻለሁ።"

እማማ ወስፌ ከንፈራቸውን ነከሱና፣ በአንድ ጎናቸው እያነከሱ፣ ጫማቸውን ፍለጋ ሄዱ።