የቤዙ ድርሻ

ጓደኞቹ "ወፍራሙ" የሚሉት ከሁሉም ቀጭን የሆነውን ሰው ነው። ስሙ የወጣለት በሰውነቱ ሳይሆን በጊታሩ ነው። በወጣትነታቸው አራት ሆነው ባንድ ሲያቋቁሙ፣ ወፍራም ክር ያለውን ቤዝ ጊታር የሚይዝ ጠፋና እሱ ላይ ወደቀ፤ ስሙም በዚያው ተጣበቀበት።

አሁን ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። መተዳደሪያው ሊፍት መጠገን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በረጃጅም ፎቆች አናት ላይ ባሉ ጠባብ የሞተር ክፍሎች ውስጥ፣ በቅባት በራሰ የብረት ገመድና በሚያጓራ ሞተር መካከል ሠርቷል። ከታች ሰው ቁልፍ ሲጫን ሞተሩ ይነሣል፤ እሱ ግን ሰውየውን አያየውም። "እኔ ትዝ የምላቸው መሀል መንገድ ላይ ሲቆምባቸው ብቻ ነው" እያለ ይቀልዳል፣ ቀልዱን የሚሰማው ሰው ባገኘ ጊዜ።

ብዙ ጊዜ አያገኝም። ከሚስቱ ጋር ከተለያዩ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸዋል። አንድ ልጁ ሩቅ ከተማ አግብታ ትኖራለች፤ እሁድ እሁድ ትደውልለታለች።

"አባዬ፣ ኧረ ቴሌቪዥኑን ቀንሰው! እዚህ ድረስ እየጮኸብኝ ነው" ትለዋለች።

"ቤቱ ጭር እንዳይል ብዬ ነው" ይላታል።

የዘፈኑን ነገር የጀመረው መምህሩ ነው። መምህሩ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ በድሮው ባንድ ኪቦርድ ይጫወት ነበር። ድራም መቺው አሁን አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይነዳል፤ ዘፋኟ ደግሞ ሆስፒታል ነርስ ናት። አራቱን በአንድ ቀን አንድ ክፍል ማስገባት የማይታሰብ ነው። እናም መምህሩ አንድ ሐሳብ አመጣ። አንዱ ዘፈን ይጀምር፤ ያለችውን ዜማ በስልኩ ቀርጾ ለሚቀጥለው ይላክ፤ ያኛው የራሱን ጨምሮ ያሳልፍ፤ በመጨረሻ መምህሩ ሁሉንም በኮምፒውተሩ ያዋህደው። እስቲ ምን እንደሚወጣ እንሞክረው አለ።

"አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለው" አለ መምህሩ። "ጣመህም አልጣመህ ሌላው የሠራውን አትነካም። መጨመር እንጂ መሰረዝ የለም።"

"በለው!" አለ ሾፌሩ። "መጫን እንጂ ማውረድ የሌለበት አውቶቡስ።"

ለወፍራሙ ተራው የሚደርሰው ሐሙስ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ከሥራ ሲወጣ እጁን ሁለቴ በሳሙና ይታጠባል፤ የቅባት እጅ ክሩን ያንሸራትታል። ከዚያ መኝታ ቤቱ ይገባና ቁም ሣጥኑን ከፍቶ፣ የጎረቤት ድምፅ እንዳይገባ ብርድ ልብስ ጋርዶ፣ በኮቶቹ መሀል በርጩማ ላይ ይቀመጣል። የነርሷ ድምፅና የሾፌሩ ምት በጆሮው ይመጡለታል። እሱም ከሥር ገብቶ ይደግፋቸዋል። እራቱን ቆሞ የሚበላው ሰውዬ ያቺን ሁለት ሰዓት ቤቱ ሰው የሞላበት ይመስለው ነበር።

አራት ዘፈን እንዲህ አለቀ። የአምስተኛው መነሻ የእሱ ነበር፤ ለሳምንታት ሞተር ክፍል ውስጥ ሲያንጎራጉረው የከረመውን ዜማ ሰጣቸው። ነርሷ ግጥም አበጀችለት፤ ሾፌሩ መታበት። አልቆ በመጣ ዕለት፣ ልጁ በስጦታ የላከችለት ትልቅ ማዳመጫ ደርሶት ነበር። እስከዚያ ያለቁትን ዘፈኖች የሚያዳምጠው በስልኩ ነው፤ ስልክ ደግሞ ቤዝ የሚባል ነገር አያወጣም።

ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋው። ደስ አለው። ከዚያ ሁለተኛው ግጥም ላይ ሲደርስ ክው አለ።

የወፍራሙ ግራ እጅ ትንሿ ጣት ግማሽ ናት። በጀማሪነቱ ጊዜ የሊፍት በር ከአንጓዋ ቆርጦበታል። ስለዚህ ቤዙን የሚነካው በሦስት ጣት ነው፤ የማይደርስባቸው ድምፆች አሉ፤ እነሱን እየዘለለ የራሱን መንገድ አበጅቷል። አሁን በጆሮው የሚሰማው ቤዝ ግን እሱ ሊደርስበት ወደማይችለው ድምፅ ዘና ብሎ ወጥቶ ዘና ብሎ ወረደ። መልሶ ሰማው። አሁንም ወጥቶ ወረደ።

እሁድ ከሰዓት ሳይደውል መምህሩ ቤት ሄደ። በር የከፈተችለት የመምህሩ ባለቤት ናት።

"ውይ! አንተ ነህ እንዴ? ምነው ጠፋህ?" አለች። ፊቱን ስታየው ግን ሳቋን ሰበሰበች። "ውስጥ ነው፣ ግባ።"

መምህሩ የተማሪ ፈተና እያረመ ነበር።

"ሁለተኛው ግጥም ላይ ያለው ቤዝ የማን ነው?" አለ ወፍራሙ ሳይቀመጥ።

"የማን ነው ማለት?"

ግራ እጁን ዘረጋለት። "በየትኛው ጣቴ ነው ያንን የነካሁት?"

መምህሩ ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጠ፤ አነሣው፤ እንደገና አስቀመጠው። "እኔ ነኝ" አለ በመጨረሻ። "በኪቦርዱ። ያንተኑ ነው የደገምኩት፤ ምቱን ብቻ ላስተካክል ብዬ ጀምሬ ጣቴ አለፈ…"

"ከስንተኛው ዘፈን ጀምሮ?"

"ከሁለተኛው።"

"እነሱስ ያውቃሉ?"

መምህሩ አቀረቀረ።

"ጥሩ ነው። ሦስት ሆናችሁ በአንድ ሰው ስትስቁ ከረማችሁ።"

"ኧረ በሞቴ! ማን ሳቀ?" መምህሩ ተነሣ። "ከምቱ ወደኋላ እየቀረህ ነበር። በየዘፈኑ እየባሰብህ። ብንነግርህ ትተወናለህ ብለን ፈራን። ነርሷ ናት አደራ ያለችን፤ 'ሐሙስን ብቻ እኮ ነው የሚጠብቀው፣ እንዳትነግሩት' ብላ።"

ይሄኛው ከቤዙ በላይ አንጀቱን ቆረጠው። ቤዝ ይወጣል፣ ይተካል። ሐሙስን ብቻ የሚጠብቅ ሰው መሆኑን ግን ማንም አያውቅም ብሎ ነበር።

"የኔን አሰማኝ" አለ።

መምህሩ ድራሙንና የእሱን ቤዝ ብቻ ለይቶ ከፈተለት። ወፍራሙ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ።

"ምኑ ነው የተበላሸው? ልክ ነው እኮ!"

"ሲምባሉን፣ ያንን ቀጭን የናስ ድምፅ ልብ በል። ጊዜውን የያዘው እሱ ነው፤ አንተ ከእሱ ኋላ ነህ።"

"ሲምባሉ ገና አልገባም።"

መምህሩ ዞሮ አየው። በሩ ላይ የቆመችው ባለቤቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"እየመታ ነው" አለ መምህሩ ቀስ ብሎ። "ከመጀመሪያው ጀምሮ እየመታ ነው።"

ወፍራሙ ከጎነበሰበት ቀና አለ። በሩን አልፎ ወጣ። ፌርማታው ላይ የቤት ቁልፎቹን ከኪሱ አውጥቶ በጆሮው አጠገብ አንቀጫቀጫቸው። ሲነካኩ ያያል፤ ጣቱ ላይም ይሰማዋል። ድምፃቸው ግን የለም።

በማግስቱ መምህሩ ደውሎ ነግሯት ነርሷ ጎትታ ሆስፒታል ወሰደችው። ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው፣ ድምፅ በሰማህ ቁጥር ቁልፉን ተጫን አሉት። ወፍራም ወፍራሙ ድምፅ ሲመጣ ይጫናል። ከዚያ ረጅም ጸጥታ ሆነ። በመስታወቱ በኩል መርማሪዋ ብዕሯን ስታንቀሳቅስ ያያታል፤ እሱ የማይሰማውን ነው የምትመዘግበው። ሲጨርሱ ወረቀቱን አሳየችው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄድና እንደ ገደል ቁልቁል ይወርዳል። የሞተር ጩኸት ነው አለችው፤ ቀጫጭኑ ድምፅ ቀስ በቀስ አልቋል፤ አይመለስም። የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ቢያደርግ ጥቂት ይረዳዋል።

"ልነግርህ ይገባኝ ነበር" አለች ነርሷ በመተላለፊያው ላይ። "የሰውን ሁሉ ሕመም ፊት ለፊት እየነገርኩ የምውል ሴትዮ፣ አንተ ላይ ስደርስ ምላሴ ታሰረ።"

"አይዞሽ" አላት።

ሦስት ሐሙስ አለፈ። መልእክት ይላክለታል፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ቁም ሣጥኑን ዘጋው። ቴሌቪዥኑንም አጠፋው፤ ጎረቤቱን ስንት ዓመት እንዳስቸገረ ሲያስብ አፍሮ።

በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተደበደበ። ሾፌሩ ትልቁን ከበሮ ታቅፎ ቆሟል፤ ፊቱ በላብ ተጠምቋል።

"ሊፍታችሁ ተበላሽቷል" አለ እያለከለከ። "ጠጋኝ የሚኖርበት ሕንፃ!"

ወፍራሙ ሳያስበው ሳቀ።

ሾፌሩ ከበሮውን መኝታ ቤት አስገባ። "ስማ፣ ሲምባል የሚባለውን ረስቼዋለሁ። በዚህ ነው የምቆጥርልህ። እግርህን እዚህ አስጠጋ። በጆሮህ ካልመጣ በቅልጥምህ ይምጣ።"

አምስተኛውን ዘፈን ከመጀመሪያው ጀመሩት። አንድ ጊዜ ተበላሸ፤ ሁለት ጊዜ፤ ሦስተኛው ላይ ሾፌሩ ራሱ ተሳሳተና ተሰዳደቡ። ስድስተኛው ሙከራ ላይ ከበሮው በወፍራሙ ቅልጥም ሽቅብ እየወጣ ጣቱ ድረስ ደረሰ፤ ዘፈኑም እስከ መጨረሻው ሄደ። ሾፌሩ ቀረጻውን አቁሞ ሰዓቱን አየ።

"ምሳ ብላና ሂድ" አለው ወፍራሙ።

"ስምንት ሰዓት ላይ እነሣለሁ፣ ተሳፋሪ ይጮህብኛል። በሌላ ቀን።" ከበሮውን ታቅፎ ደረጃውን ወረደ። ወፍራሙ በሩን ይዞ እርምጃው እስኪጠፋ ቆመ። ከዚያ ገብቶ ሁለቱን የውሃ ብርጭቆዎች አጠበ።

መምህሩ ዘፈኑን አዋህዶ የላከለት መስሚያው በተገጠመለት ሳምንት ነው። አብሮት አንድ መስመር ጽፎ ነበር፤ "ምንም አልነካሁም" የምትል። እውነትም አልነካም። ቤዙ የሦስት ጣት ቤዝ ነው፤ አንድ ሁለት ቦታ ይንገዳገዳል።

እሱን ግን ያስቆመው ሌላ ነገር ነው። ነርሷ ከእያንዳንዱ ስንኝ በፊት ትንፋሽ ትስባለች። ቀጭን፣ ሊያለቅስ ያለ ሰው የሚስበው ዓይነት ትንፋሽ። ደወለላት።

"አመመሽ እንዴ? ትንፋሽሽ ይሰማል።"

"ምን አለበት? ድሮም እንዲሁ ነኝ" አለች። ከኋላዋ የሆስፒታል ደወል ይጮሃል። "ከልጅነቴ ጀምሮ። አንተ እኮ ራስህ 'እሱን ተይው' እያልክ ትቆጣኝ ነበር።"

አላስታወሰውም። መቼ መስማት እንዳቆመም አያውቅም። ተጠርታ ሄደች፤ መልሼ እደውላለሁ አለችው።

ሶፋው ላይ ተቀምጦ የቀድሞዎቹን ዘፈኖች ከመጀመሪያው ጀምሮ ከፈታቸው። ሁለተኛው ላይ የመምህሩ ቤዝ ገባ፤ አልዘለለውም። ከእሱ ይልቅ የተስተካከለ፣ ጨዋ ቤዝ ነው። አራቱም አልቀው ቤቱ ጸጥ ሲል ከወጥ ቤት በኩል ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ሰማ። ሄዶ አየ። የቧንቧው ውሃ ነው። ጥብቅ አድርጎ ዘጋው፤ አላቆመም። ጎማው አልቋል። ስንት ዓመት ሲንጠባጠብ እንደኖረ አያውቅም። ሥሩ ኩባያ አስቀመጠለትና የሚቀጥለውን ጠብታ ቆሞ ጠበቀ።